ለናቭራትሪና ለዲዋሊ ከባለቤቴ ጋር ምን ለብሰን እንሂድ? (ባሮዳ ያላችሁ፣ የነበራችሁ)

ማሂ_ባሮዳ · ነሐሴ 28, 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ ቫዶዳራ ላይ ዶክትሬቱን እየተማረ ነው። የአገሬው ሰው ከተማዋን አሁንም ባሮዳ ነው የሚላት፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ከመጣሁ ዓመት ስላልሞላኝ ናቭራትሪ የሚሉትን የሂንዱዎች በዓል ገና በወሬ ነው የማውቀው።

ዘንድሮ መስከረም 12 ይገባል። ዘጠኝ ሌሊት ጭፈራ ነው አሉ። ጎረቤታችን፣ «ቤን» ነው የምላት፣ እኛ እታለም እንደምንለው ማለት ነው፣ ለአንዱ ምሽት እኔን፣ ባሌንና ሁለት ሀበሻ ጓደኞቻችንን ጠርታናለች። ዲዋሊ፣ የመብራት በዓላቸው፣ ሲያልፍ ደግሞ፣ በጉጃራቶች አዲስ ዓመት ቀን፣ የባለቤቴ አማካሪ ቤት ምሳ አለብን።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያለኝ ክት ልብስ ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ነው። ነጭ እዚህ የለቅሶ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛው ችግሬ ባሌ ነው። ቤን የወንዶቹን የጭፈራ ልብስ በስልኳ አሳየችው። ኬዲዩ ይባላል። እጅጌው ረጅም፣ ከደረት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ዙሪያውን ጥልፍና ትንንሽ መስታወት። አይቶ አይቶ «እኔ የሰርግ መኪና ነኝ እንዴ?» አለ።

አራታችንን አንድ የሚያስመስለን ነገር እፈልጋለሁ። ግን የትምህርት ቤት ሰልፈኛ መምሰልም አልፈልግም። ብሩ ደግሞ የስኮላርሺፕ ብር መሆኑን አትርሱብኝ።

ሩት_ደልሂ · ነሐሴ 28

ማሂዬ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ግብዣዎች ለዪያቸው። ለሁለቱም አንድ ልብስ ብለሽ ካሰብሽ ተሸወድሽ።

ናቭራትሪ ጉጃራት ውስጥ ማለት ጋርባ ነው። መሐል ላይ መብራት ወይም እናት አምባ የሚሏት የእንስት አምላካቸው ምስል ይቀመጣል፤ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ ይዞራል። እስከ እኩለ ሌሊት። ላብ በላብ ነው የምትሆኚው። ለዚያ የሚለበሰው ቻኒያ ቾሊ ነው። ቻኒያ ሰፊው ጉርድ፣ ቾሊ አጭሯ ሸሚዝ፣ ኦድኒ ደግሞ ከላይ ጣል የሚደረገው ነጠላ። ሀበሻ ቀሚስሽ ጠበብ ያለ ከሆነ ለጋርባ እርሺው፤ በሁለተኛው ዙር ስፌቱ ይተረተራል።

ጉርዱ ዙሪያውን በሜትር ነው የሚሸጥልሽ። ሻጩ «አሥር ሜትር ነው!» ብሎ ሲያሽከረክረው ልብሽ ይሄዳል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ጥልፍና መስታወት ሲጨመርበት ወገብሽ ላይ ሕፃን እንዳዘልሽ ቁጠሪው። እኔ አንዴ ተበድሬ ለብሼ፣ የወገቡ ገመድ መሐል ጨዋታ ላይ ተፈታ። በሁለት እጄ ይዤ ነው ከክቡ የወጣሁት። ድርብ ቋጠሮ አድርጊ፣ መርፌ ቁልፍም ጨምሪ።

የአማካሪው ቤት ግን መቀመጥና መብላት ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ይኖራሉ። እዚያ ሀበሻ ቀሚስሽ ንግሥት ነው። የለቅሶው ነጭ ጥለት የሌለው፣ ጌጥ የሌለው ነጭ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በድሮው ልማድ የምትለብሰው እሱን ነው። ዳርቻው ቀለም ካለው ማንም ለቅሶ አይለውም።

የፑኔው_ልጅ · ነሐሴ 28

በነጩ ነገር እንዲያውም ዕድለኛ ነሽ። ማሃራሽትራ ውስጥ ፑኔ 5 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ለናቭራትሪ ቀለሙ በቀን ነው የሚሄደው። ሰኞ ነጭ፣ ማክሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቢጫ፣ ዓርብ አረንጓዴ፣ ቅዳሜ ግራጫ፣ እሁድ ብርቱካናማ። የተረፉት ቀናት ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ የጣዎስ አረንጓዴ እያሉ እንደ ዓመቱ ይቀያየራሉ። ሐሙስ ጠዋት ባንክ ስትገቢ ከገንዘብ ተቀባይዋ እስከ ጽዳቷ ቢጫ በቢጫ ነው። ጓደኛሞች ሳይደዋወሉ አንድ አይነት ለብሰው ይገናኛሉ።

ይሄ ከጥንት የመጣ ሥርዓት እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጋዜጣ ነው ያስፋፋው። ግን ተይዟል።

ዘንድሮ መስከረም 12 ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ ነጭ። በቃ!

ሩት_ደልሂ · ነሐሴ 28

@የፑኔው_ልጅ እሱ የእናንተ ሰፈር ሕግ ነው። ጉጃራቶች ጋርባ ላይ ያን ያህል አይጨነቁበትም፣ ሰባቱንም ቀለም አንድ ጉርድ ላይ ነው የሚያደርጉት። ግን ለአራት ሰው ሰበብ ይሆናል።

ደግሞ ማሂ፣ ዓርብ ደመራ ነው። የናቭራትሪ አምስተኛው ምሽት ላይ ነው የዋለው። የሰኞውን ግብዣ ያዢ፤ ዓርብ ከሀበሻው ጋር ደመራችሁን አብሩ።

ታዛቢ_07 · ነሐሴ 28

ልብሱ ይቆይና፣ መሄዱስ ተገቢ ነው ወይ? የሌላ እምነት በዓል ነው። «ባህል ነው» እያልን ስንቱን እንቀላቅል?

ማሂ_ባሮዳ · ነሐሴ 28

ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ ይገባኛል። የነፍስ አባቴን በስልክ ጠይቄያለሁ። ያሉኝን ለራሴ ልያዘው። እዚህ የመጣሁት ስለ ልብስ ልጠይቅ ነው።

የፑኔው_ልጅ · ነሐሴ 28

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቅ ሜዳ ላይ በትኬት የሚካሄድ ጋርባ ከሆነ፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም የሚሉ አዘጋጆች አሉ። መታወቂያ በር ላይ የሚያዩም አሉ። የሰፈር ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን እንግዳ ክብር ነው፣ ወንበር ይለቁልሻል። የትኛው እንደሆነ ቤንን አስቀድመሽ ጠይቂያት። ለብሳችሁ፣ ተኳኩላችሁ ከበር መመለስ ያማል።

ሰሚራ_ዱባይ · ነሐሴ 29

እኛ ቢሮ አለቃችንም ግማሹ ሠራተኛም ሕንድ ነው። በየዓመቱ ለዲዋሊ ሴቶቹ አንድ ቀለም እንለብሳለን። ስምንት ነን፤ ሕንድ፣ ፊሊፒን፣ አንዲት ኬንያዊት፣ እኔ ሀበሻ ሙስሊም። የመጀመሪያው ዓመት «ሁላችንም ሳሪ» ተባለ። ጉድ ሆነ! አንዷ ደረጃ ላይ ጫፉን ረግጣ ሙሉው ተፈታባት። እኔ ደግሞ ሸሚዙ ክንድና ሆድ ስለሚያሳይ ከሥር ጥቁር ቦዲ ለብሼ ሳንድዊች መስዬ ዋልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ብልጥ ሆንን። ቡር ዱባይ፣ ሚና ባዛር ገብተን የሰናፍጭ ቢጫ ጨርቅ በጣቃ ገዛን። ሕንዶቹ የሳሪ ሸሚዝ አሰፉበት። ፊሊፒኖቹ ጉርድ። ኬንያዊቷ ሻሽ። እኔ ሂጃብ። ፎቶው ላይ ስምንታችንም አንድ ነን፣ ግን ማንም ያልለመደችውን አልለበሰችም። ለአራት ሰው ደግሞ በጣም ይረክሳል።

ጋሽ_በቀለ_ጅማ · ነሐሴ 29

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን የኬራላ ሰው ነበሩ። ያኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ሕንድ አስተማሪ ነበር፤ ብዙዎቹም ከኬራላ የመጡ ናቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናቴ ወተት አድርስላቸው ብላ ላከችኝ። በሩን ሲከፍቱልኝ ክው አልኩ። በሱፍ ልብስ የማውቃቸው ሰውዬ ከወገባቸው በታች ነጭ ሽርጥ አሸርጠዋል። ባለቤታቸው ደግሞ የወተት መልክ ያለው ሳሪ ለብሰዋል። የሁለቱም ዳርቻ ወርቅማ ጥለት ነው። ሌላ ቀለም የለም። ቤቱ ደጃፍ ላይ በአበባ የተሠራ ክብ ነበር።

ኋላ ሳጣራ በዓሉ ኦናም ይባላል። ዘንድሮ ነገ ነው የሚውለው። ልብሱንም ካሳቩ ይሉታል። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት «ባልና ሚስቱን አንድ ሸማኔ ነው የሠራላቸው ማለት ነው» አለች። ሽርጡና ሳሪው ለየቅል ናቸው፤ እሷ ግን ጥለቱን ነው ያየችው።

አንቺም ልጄ ቀሚስሽን ከባልሽ ሸሚዝ ጋር ለማመሳሰል አትድከሚ። ጥለቱን አመሳስዪ።

ሰፊው_ሽሮሜዳ · ነሐሴ 29

ጋሼ ዘጉት! እኛም ለሙሽራና ለሚዜ የምንሠራው ይሄንኑ ነው። ለሰርግ ባልና ሚስት እኩል ጥበብ ሲለብሱ ፎቶው ላይ ይጣላሉ፤ ዓይን የቱን እንደሚያይ ይጠፋዋል። አንዱ ሲደምቅ ሌላው ረጋ ይበል። አንቺ ያንን መስታወታም ጉርድ ከለበስሽ እሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ኮሌታውና እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ ካንቺ ጨርቅ ይግባበት። ሁለት ጣት ስፋት ይበቃል።

ሁለት ምክር ከሰፊ። ቀለም በስልክ ፎቶ አትግዙ። ሱቅ ውስጥ አምፖል ሥር ቀይ ያላችሁት ደጅ ሲወጣ ብርቱካን ይሆናል። ከጥለታችሁ ጫፍ አንዲት ክር ቁረጡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ጨርቁ ላይ አጋድማችሁ በር ላይ በፀሐይ እዩት።

ሁለተኛው፣ ቀይ ጨርቅ ነጭ አጠገብ ከመሰፋቱ በፊት ጨው ውሃ ውስጥ ይደር። ይለቃል። ነግሬያችኋለሁ።

ሌስተር_ሄኖክ · ጳጉሜ 2

እኔ ከእንግሊዝ ነኝ። ሌስተር ላይ በልግሬቭ ሮድ፣ ጎልደን ማይል የሚሉት፣ ለዲዋሊ መንገዱ ሁሉ መብራት ነው። አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፦ ጥቁር። የሥራ ባልደረባዬ ቤት ለዲዋሊ ስጠራ ጥቁር ሱፌን ገጭ አድርጌ ሄድኩ። እናትየው ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው ከጓዳ ብርቱካናማ ሻርፕ አምጥተው አንገቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ለደስታ ጥቁር እንደማይወደድ በኋላ ነው የገባኝ።

ሌላው እሳት ነው። ለዲዋሊ የዘይት ኩራዝ ወለሉ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ በየመስኮቱ አለ። የሚንሳፈፍ ናይሎን ነጠላ አትልበሱ። ጥጥ ይሻላል፤ ጫፉንም በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

የፑኔው_ልጅ · ጳጉሜ 2

@ሌስተር_ሄኖክ ማሃራሽትራ ላይ ብትሆን ኖሮ በጥር ትድን ነበር። ማካር ሳንክራንቲ በሚሉት በዓል ላይ ሴቶቹ ጥቁር ሳሪ ነው የሚለብሱት። ብርዱ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል ይላሉ። ስለዚህ «ሕንድ ጥቁር አይወድም» ብሎ ነገር የለም፤ የት፣ መቼ ነው ጥያቄው።

ማሂ_ባሮዳ · መስከረም 6, 2018

እንኳን አደረሳችሁ! ወሬ ይዤ መጣሁ።

የቤን ግብዣ የግቢያቸው ጋርባ ነው፣ ትኬት የለውም። ስለዚህ በእሱ ተገላገልን።

ነጠላ አለን። አራታችንም። ያውም አራቱም ቀይ ጥለት ናቸው፣ አንደኛዋ ጓደኛዬ ስትመጣ እናቷ አስይዛት ነው። ስለዚህ ወሰንን፦ ሴቶቹ ቀይ ቻኒያ ቾሊ፣ በኦድኒው ፈንታ ነጠላ። ወንዶቹ ነጭ ኩርታ፣ ያ ረጅሙን ሸሚዝ፣ ነጠላውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው።

ከዚያ ጨርቅ ፍለጋ ወጣን። ቤን «አሕመዳባድ ሎው ጋርደን ብትሄዱ በሌሊት መንገዱን ሙሉ ቻኒያ ቾሊ ነው» ብላ ነበር፤ ለባቡርና ለድካሙ ብለን እዚሁ ገዛን። ሻጩ 3,500 ሩፒ አለ። ቤን በጉጃራቲ አንድ ነገር ተናገረችው፣ ጨርቁን ትታ ዞረች፣ እኔም ዞርኩ። 1,800 ገባ። መርካቶን ለሚያውቅ አዲስ ነገር የለውም።

ለወንዶቹ ኮሌታ ባንድኒ ገዛን። በጉጃራት የታወቀ ጨርቅ ነው። ሴቶች ጨርቁን በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጠጥ እያደረጉ በክር ያስሩታል፤ ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ ሲፈታ የታሰረው ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ገና ያልተፈታውን አሳየኝ። የተጨማደደ፣ በእፍኝ የሚያዝ ጓል ነው የሚመስለው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ጎተተው፤ ክሩ ጠ-ጠ-ጠ እያለ ሲበጠስ ጨርቁ ተዘረጋ። ነጥቦቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ አራት ማዕዘን። በጣት ሲነካ ይጎረብጣል። በማተሚያ የተሠራው ግን ልሙጥ ነው፣ ነጥቦቹም ወታደር ናቸው። ርካሹ እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው ግን አስለቀሰን። ደብተሩን ገልጦ «ከናቭራትሪ በኋላ ኑ» አለ! የኋላ ኋላ ቤን ናት የለመነችው። ከበዓሉ አንድ ወር በፊት ነው መስጠት፤ ሌላ ሰው ይማርበት።

ሰፊው_ሽሮሜዳ · መስከረም 6

ጨዉስ?

ማሂ_ባሮዳ · መስከረም 6

የኮሌታውን ባንድኒ ነክሬ አሳድሬዋለሁ ጌታዬ።

ማሂ_ባሮዳ · መስከረም 14

ሰኞ ሄድን። እግሬ እስካሁን አልተመለሰልኝም።

እርምጃው ቀላል ይመስላል። ሁለት ወደፊት፣ ጭብጨባ፣ መዞር። ከዚያ ከበሮው ይፈጥናል። ትንንሽ ልጆች በጎናችን እያለፉ ይስቁብናል። ባሌ መጀመሪያ ወንበር ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው ያሸረጠውን ነጠላ ጫፍ ይዘው ጎተቱት። እንደ በሬ ተጎትቶ ገባ። ከዚያ አልወጣም። መሐል ላይ ትከሻውን ሰበቅ ሲያደርግ ከኋላው ያሉት ልጆች እስክስታውን ቀዱት!

ልብሳችንን ሰው ሁሉ ወደደው። ነጭና ቀዩን ያዩ አሮጊት ግን ለቤን አንድ ነገር ብለው ሳቁ። ለካ የጉጃራት ሙሽራ ፓኔታር የሚባል ነጭ ሳሪ ባለ ቀይ ዳርቻ ትለብሳለች፤ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ነው የሚሰጣት። «ሁለቱንም ዛሬ ነው እንዴ የምንድራቸው?» ነው ያሉት።

አሁን ወደ ሐዘኔ። @ሰፊው_ሽሮሜዳ አትሳቅ። የኮሌታውን ጨርቅ ነከርኩት፣ እውነቴን ነው። ቻኒያ ቾሊውን ግን ማን አስቦት! ላቡ ሲመጣ የቾሊው ቀይ ወደ ነጠላዬ አለፈ። ከትከሻው እስከ ብብቱ ሮዝ ሆኗል። የወንዶቹ ነጠላ ምንም አልሆነም። የኔና የጓደኛዬ ብቻ።

ሩት_ደልሂ · መስከረም 14

ውይ! በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ። በረኪና ደግሞ ጥለቱን ይበላዋል።

ሰፊው_ሽሮሜዳ · መስከረም 14

አልሳቅኩም። (ትንሽ ስቄያለሁ።) ካልለቀቀ አትጣዪው፤ ሙሉውን ሮዝ ቀለም ንከሪው። ጥለቱ ቀይ ስለሆነ ያስኬዳል።

ማሂ_ባሮዳ · ጥቅምት 15

የመጨረሻው ወሬ። ዲዋሊ ጥቅምት 10 ነበር፤ የጉጃራቶቹ አዲስ ዓመት፣ ቤስቱ ቫራስ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ከቤት ቤት እየዞረ «ሳል ሙባረክ» ይባባላል። ልጆች የትልልቆችን እግር ነክተው ብር ይቀበላሉ። አበባየሆሽ ቀረ እንጂ እንቁጣጣሽ ነው።

ከፓኔታሩ ወሬ በኋላ ቀይ ጥለት ፈራሁ። አረንጓዴና ወርቅማ ጥለት ያለውን ሀበሻ ቀሚሴን ለበስኩ። ለባሌ ከጥለቱ አንዲት ክር ቆርጬ በፀሐይ አስተያይቼ አረንጓዴ ኔህሩ ጃኬት ገዛሁለት፣ ያ እጅጌ የሌለውን። ከሥሩ ነጭ ኩርታ። ጫማ በር ላይ ስለሚወለቅ ካልሲው ላይ ቀዳዳ መኖሩን እዚያ ነው ያየነው። ማንም ይህን አልነገረኝም!

የአማካሪው ባለቤት በር ላይ ተቀበሉን። ሳል ሙባረክ ተባባልን። ከዚያ ሳይጠይቁኝ የነጠላዬን ጫፍ ያዙና ገለበጡት። ጥለቱን ከጀርባው በኩል አዩት፤ የክሩን አሠራር በጣታቸው እየተከተሉ። ከፓታን ከተማ የመጣ ፓቶላ የሚባል ሳሪ ከእናታቸው ወርሰው አላቸው። ፓቶላ ክሩ ገና ሳይሸመን ነው ነጥብ በነጥብ የሚነከረው፤ ድሩም ማጉም። አንዱን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፣ ለዚህ ነው የኔን የገለበጡት። ሳጥናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ምሳ አንድ ሰዓት ዘገየ። ወንዶቹ ሳሎን ተቀምጠው እንደራባቸው ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ሮዝ የሆነውን ነጠላ ነክሬዋለሁ። ያስኬዳል። ባሌ ደግሞ ትናንት ከገበያ ሲመለስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከበዓሉ በኋላ ያ መስታወታሙ ግማሽ ዋጋ ገብቷል» አለኝ።

ሰፊው_ሽሮሜዳ · ጥቅምት 15

ከመግዛቱ በፊት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠይቂው።

ማሂ_ባሮዳ · ጥቅምት 15

ቀይ ነው አለ።